ጠቡ ካበቃ በኋላም አሥር ደቂቃ ቆዩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት «ሰው አውሬ ሆነ» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ወረፋ ላይ የተነሳ ጠብ አይቷል። ያየውንም ጥሩ አድርጎ ጽፎታል፤ ስድቡን፣ ግፊያውን፣ የተቀደደውን ኮሌታ። መጨረሻ ላይ ግን «እንደ ተኩላ መንጋ ጠንካራው ደካማውን የሚረግጥበት ዘመን ላይ ደረስን» ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሙያዬ እንስሳትን መመልከት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ዝንጀሮዎችን ስከታተል ኖሬአለሁ። ጎህ ሳይቀድ ከሚያድሩበት ገደል ሥር እደርሳለሁ፤ ማታ ተመልሰው ሲወጡ ተሰናብቻቸው እሄዳለሁ። ጡረታ ስወጣ ባይኖኩላሩን ሰቀልኩት። ዓይኔ ግን ጡረታ አልወጣም። አሁን የማየው ሰው ነው።

ተኩላውን ቶሎ ልጨርሰው። መሪው ተኩላ ሌሎቹን እየነከሰ ይገዛል የሚለው ነገር በአብዛኛው የመጣው ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በ1947 ካወጣው ጥናት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። እሱ ያያቸው ተኩላዎች አጥር ውስጥ የታጎሩ ነበሩ። ዴቪድ ሜች የሚባለው የተኩላ ተመራማሪም በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ አሰራጨ። በኋላ ግን በነፃነት የሚኖሩ ተኩላዎችን ካናዳ ውስጥ ባለው ኤልስሚር ደሴት ላይ ለ13 በጋ ተከታትሎ፣ በ1999 የራሱን ቃል አረመ። ዱር ውስጥ ያለ የተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። ቤተሰብ ነው በቃ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ተኩላው አይደለም። ዓይናችን ነው።

ሠላሳ ዝንጀሮ ፊታችሁ ተበትኖ ሁለቱ ቢነካከሱ፣ ማንን ታያላችሁ? ሃያ ስምንቱ ሣር ይነጫሉ፣ ያጠባሉ፣ አንዱ የሌላውን ጸጉር ይፈትሻል። ማታ ደብተራችሁን ስትገልጡ የተጻፈው ንክሻው ብቻ ነው። ጂን አልትማን የተባለች ተመራማሪ በ1974 ይህን ችግር በግልጽ አስቀመጠችው። ጎላ ያለው ነገር ዓይንን ይጎትታል፤ እንደመጣልህ የምትጽፍ ከሆነ የምትጽፈው የጎላውን ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስላል። አንዱን እንስሳ አስቀድመህ ትመርጣለህ። ለተወሰነ ደቂቃ እሱን ብቻ ታያለህ። ከጀርባህ ጦርነት ቢነሳም ዞር አትልም። ቢተኛ «ተኛ» ብለህ ትጽፋለህ። በተግባር ግን ከባድ ነው። አንገቴን እንዳላዞር ስታገል የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ሕግ የቃል ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ተናደደ» ብዬ የጻፍኩትን መምህሬ በቀይ ሰረዘው። «ያየሽው ምንድን ነው?» አለኝ። ያየሁት ቅንድቡን ወደ ላይ ሲስብ፣ ጥርሱን ሲያሳይና መሬቱን በእጁ ሲመታ ነበር። «እሱን ጻፊዋ!» አለኝ። ያ ቀይ መስመር እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። ስም አልጽፍም፣ ፎቶ አላነሳም። ከበሩ ጀምሬ በተቀመጡበት ተራ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ሰጠሁ። አራተኛው ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አንገቱን ሰባት ጊዜ አከከ። በሩን አምስት ጊዜ አየ። የያዘውን የወረቀት ማኅደር ከፍቶ፣ ምንም ሳያነብ ዘጋው። ዝንጀሮም ሲጨንቀው ራሱን ያካል፤ በተለይ የሚፈራው አጠገቡ ሲቀመጥ። ሰውዬው ድንገት ተነስቶ የክሊኒኩ ጸሐፊ ወዳለችበት መስኮት ሄደና ጮኸ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። በክር የታሰረው እስክሪብቶ ወድቆ ተንጠለጠለ። ሁሉም ስልኩን ዝቅ አድርጎ ዞረ። ጩኸቱ በሰዓቴ አርባ ሰከንድ ፈጀ።

እዚያ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም «ሰው አውሬ ሆነ» ብዬ እሄድ ነበር። ነገር ግን ስድስት ደቂቃ ይቀረኝ ነበር።

ተመልሶ መጣ። ወንበሩ ተይዟል። ቆመ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ምንም አላሉም፤ ቀና ብለውም አላዩትም። ተቀመጠ። ሁለት ደቂቃ ያህል መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ እንደገና ወደ መስኮቱ ሄደ። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ ፊቱን ከመስኮቱ ቀዳዳ ጋር አስተካከለ። ድምፁ ለእኔ አልተሰማኝም። በመስተዋቱ ውስጥ የጸሐፊዋ ራስ ሁለት ጊዜ ሲነቀነቅ አየሁ። ሊመለስ ሲል የተንጠለጠለውን እስክሪብቶ አንስቶ ቦታው ላይ አጋደመው።

ይህን ቀደም ብዬ አውቀዋለሁ። ፍራንስ ደ ቫል የተባለው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1970ዎቹ አርነም በሚባለው የሆላንድ መካነ አራዊት ቺምፓንዚዎችን ሲያይ፣ የተጣሉት ብዙም ሳይቆዩ ተፈላልገው ሲተቃቀፉና ሲሳሳሙ አገኘ። በ1979 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በቀጥታ «እርቅ» ብሎ ጠራው። ሴት ዝንጀሮዎችም ይህን ያደርጋሉ። ያጠቃችው ወደ ተጠቂዋ ስትጠጋ አጭር ጉርምርምታ ታሰማለች። ያን ድምፅ ከሰማች ተጠቂዋ ብዙ ጊዜ አትሸሽም። ሰውዬው ጎንበስ ሲል ትዝ ያለኝ ያ ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ጸሐፊዋን ከመስተዋት ጀርባ ስለነበረች በደንብ አላየኋትም። የተጮኸባት እሷ ነች። ለእሷ አርባው ሰከንድ ምን ያህል እንደረዘመ ደብተሬ ውስጥ የለም።

በኋላ ከሰውዬው ጋር ጨዋታ ጀመርን። ሥራዬን ነገርኩት፤ ሳይ እንደነበርም አልደበቅኩትም። «እዚያ ሲጮሁ ምን ሆነው ነው?» አልኩት። በጣም ገረመው። «እኔ? አልጮህኩም እኮ፤ ጠየቅኩ እንጂ።» ዋሸ ብዬ አላምንም። ዝንጀሮ ስለራሱ ምንም ስለማይነግረኝ የማየውን ብቻ እይዛለሁ። ሰው ግን ይነግረኛል፤ የነገረኝና ያየሁት ሁለት ይሆኑብኛል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ዘመዶቼ «ሰውን ከዝንጀሮ ጋር እንዴት ታወዳድሪያለሽ?» ይሉኛል። ሰው ዝንጀሮ ነው አላልኩም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሌላ መንጋ ለመጣ እንግዳ ያለ ግርግር ቦታ ሲለቀቅ አላየሁም። እኚያ እናት ግን ለማያውቁት፣ ያውም አሁን ለጮኸ ሰው፣ ቦርሳቸውን አነሱለት። ይህን ትልቅ ነገር ያየሁት እንስሳ በማይበት ዓይን ስላየሁት ነው።

«አውሬ» የሚለውም ቃል፣ ጠባይ የተቆረጠለት ይመስል ይነገራል። ሮበርት ሳፖልስኪ የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ የተከታተለው አንድ የዝንጀሮ መንጋ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመንጋው ጠበኛ ወንዶች ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲሻሙ፣ በተበከለ ሥጋ ቲቢ ይዟቸው አለቁ። የቀሩት ሴቶቹና ረጋ ያሉት ወንዶች ናቸው። መንጋው ሰላም ሆነ። በዚህ ዓይነቱ ዝንጀሮ ወንዱ ሲጎረምስ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከነባሮቹ ወንዶች አንድም አልቀረም። ከውጭ እየመጡ የተቀላቀሉት ወንዶች ግን የመንጋውን ለስለስ ያለ ጠባይ ያዙ። ሳፖልስኪና ባልደረባው ይህን በ2004 አሳተሙት። ዝንጀሮ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ወረፋ አይተን በሰው ላይ የምንፈርደው ምን ይዘን ነው?

ጠብ አትጻፉ አላልኩም። ጻፉት፤ ሰው ተጎድቷል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዘጋቢያችሁ ጠቡ ሲያበቃ አሥር ደቂቃ እዚያው ይቁም። ከተጣሉት አንዱን ይምረጥ፣ ሰዓቱን ይያዝ፣ ያየውን ይጻፍ። ከታረቁ እንዴት እንደታረቁ፣ ካልታረቁም እንዳልታረቁ ይንገረን። ያ ኮሌታው የተቀደደበት ሰው መጨረሻ ላይ ወዴት እንደሄደ፣ አጠገቡ ማን እንደቆመ አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣች የሥነ እንስሳት ባለሙያ