ለወንድሜ ያልላክሁለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ውስጥ የሌሊት አውቶቡስ እነዳለሁ። የመጀመሪያ ሲጋራዬን የለኮስኩት በ1986 ዓ.ም. ካዛንቺስ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሱቅ በደረቴ ልጆች ኒያላ በፍሬ እየገዛሁ፣ ቤት ልገባ ስል ማስቲካ እያኘክሁና ጣቶቼን በሎሚ እያሸሁ ለዓመታት ከቤተሰብ ደበቅሁ። የመጨረሻዋን ያጨስኩት ኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱን ዓመት በቀን አንድ ፓኮ እጨርስ ነበር።

ያቆምኩት በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ቬፕ በሚለው ዕቃ ነው። ይህን የሚያውቁ ወገኖች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ በቴሌግራም ሳይቀር «የቱን ነው የገዛኸው? ስሙን ብቻ ንገረኝ» ይሉኛል። ስሙን ከእኔ ሰምተው የገዙ ሁለት ጓደኞቼ ወር ሳይሞላቸው ወደ ሲጋራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ስም መንገሩን ትቻለሁ። ምክንያቱን ግን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ጋዜጣችሁን እዚህም እዚያም ያለው ሰው ያነበዋልና።

እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ ወድቄያለሁ። በ2014 ዓ.ም. ሰፈሬ ወዳለ አንድ ሱቅ ገባሁና ሻጩን «በዚህ ነገር ጀማሪ ነኝ» አልኩት። «ጀማሪ ከሆንክ በትንሹ ጀምር» ብሎ በአንድ ሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ሰጠኝ። አብሮ የሸጠልኝ መሣሪያ ኪስ የሚያጎብጥ፣ ሁለት ባትሪ የሚጎርስ፣ ቁጥር የሚያበራ ነው። ስስበው እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ሳንባዬ ውስጥ ይወርድና በሳል ያንፈራፍረኛል። ክፍሉ በደመና ይሞላል፤ አራራዬ ግን ንቅንቅ አይልም። ልምድ ያለው ሰው በዚያ ትልቅ መሣሪያ ብዙ እንፋሎት ስለሚስብ 3 ሚሊ ግራሙም ሊበቃው ይችላል። ሲጋራ ለለመደ ደረት ግን አሳሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። ዘጠኝ ቀን ታገልኩ። በዘጠነኛው ሌሊት፣ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ አውቶቡሱን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሜ፣ ነዳጅ ማደያው ሄጄ ፓኮ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ስል ኖርኩ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ ማጨስ ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች በነፃ በሚሰጠው የምክር አገልግሎት ያገኘኋት ባለሙያ ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ በቀን ስንት እንደማጨስ አልነበረም። «ከእንቅልፍህ ከነቃህ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሰው?» አለችኝ። አምስት ደቂቃ አይሞላም አልኳት። ጻፈችው። ቀጥላ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ሰጠችኝ፤ ትንፋሼን አሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ይዤ ቀስ ብዬ እንድነፋባት ነገረችኝ። በትንፋሼ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የምትለካ ናት። ቁጥሩ እየቆጠረ ወጥቶ 27 ላይ ቆመ። የማያጨስ ሰው ከ10 በታች ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት እኮ ክረምት ላይ ከሰል አንድደው በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ነው! እኔ በየቀኑ በገንዘቤ እየገዛሁ ነበር የምስበው።

ከዚያ የሱቁን ታሪክ ነገርኳት። አቀርቅራ ሰማችኝና «ለዕቃው ጀማሪ ነህ እንጂ ለኒኮቲን ጀማሪ አይደለህም» አለችኝ።

ዘጠኝ ቀን የታገልኩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሱሱን የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው። ሳንባን የሚያሳምመው፣ ካንሰር የሚያመጣው በዋናነት ትንባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ቬፕ ምንም አያቃጥልም፤ ፈሳሽ አሙቆ በእንፋሎት ያቀርባል። ስለዚህ ከጭሱ ልውጣ ያለ ሰው ኒኮቲኑን በመጀመሪያው ቀን ከቆረጠው ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ ከፈተ ማለት ነው። ገና ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚለኩስ ሰው ከፍ ባለው መጠን ይጀምራል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በብሪታንያ ሕግ ለሽያጭ የሚፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። እኔም የጀመርኩት በ20 ነው። በቀን አራት አምስት ፍሬ ለሚያጨስ ሰው ግን ይህ ይበዛበታል፤ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል።

ፈሳሹም ዓይነት አለው። ተራው ኒኮቲን በ20 ሚሊ ግራም ሲሳብ ጉሮሮን ይፍቃል። ኒኮቲን ሶልት የሚባለው ግን በዚያው መጠን ለስለስ ይላል። የአውራ ጣት የምታህል፣ ቁልፍ የሌላት፣ በስልክ ገመድ ቻርጅ የምትደረግ መሣሪያ አለች፤ ፖድ ይሏታል። እንደ ሲጋራ ጠበብ አድርጋ ነው የምታስምገው፤ መጀመሪያ አፍ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወደ ደረት። የእኔን በ14 ፓውንድ ገዛኋት። እዚህ አንድ ፓኮ ሲጋራ ከ15 ፓውንድ ያልፋል፤ ስለ ገንዘቡ ሌላ የምለው የለኝም።

አሞላሏን ቀረብ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ጓደኞቼ የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። ፈሳሹን በምትይዘው ተነቃይ ክፍል (እሷም ፖድ ትባላለች) ጎን ያለችውን የጎማ መክደኛ በጥፍሬ አነሣለሁ። የጠርሙሱን ቀጭን አፍ አስገብቼ ቀስ አድርጌ ስጨምቀው ፈሳሹ በመስታወቱ እየታየ ይወጣል። ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ስለምትይዝ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅም። ከሞላች በኋላ አሥር ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ አቆማታለሁ። ውስጧ ያለችው የጥጥ ክር ፈሳሹን ጠጥታ እስክትረካ ማለት ነው። ይህን ሳይጠብቁ ወዲያው የሳቡ እንደሆነ ደረቁ ጥጥ ያራል፤ አፍ ውስጥ የሚቀረው የተቃጠለ ጨርቅ ጣዕም ነው። ክሯ አንዴ ካረረች አትታረምም፤ ፈሳሽ መያዣዋ ክፍል ትጣላለች። አንደኛው ጓደኛዬ በዚህ ጣዕም ተማርሮ ነው የተወው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ሲጋራ በአጭሩ፣ በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ ይማግ ነበር። ቬፕ የሚሳበው ረዘም ተደርጎ፣ በዝግታ ነው። ስሜቱም የሲጋራን ያህል አይፈጥንም፤ ትንሽ መታገሥ ይጠይቃል።

ጣዕሙን በተመለከተ ብዙ ሰው የትንባሆውን ይመርጣል። እኔን ግን ሲጋራዬን አስታወሰኝ፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ናና ቀየርኩ። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ አምናለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ተመልሼ ያቺን መሣሪያ ነፋሁ። 3 አለች። ባለሙያዋ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፤ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ያህል ራሴን አታልያለሁ። ቀን ቀን ቬፕ፣ ከሥራ ስወጣ ሦስት ፍሬ ሲጋራ። «ቀንሻለሁ» እያልኩ ለራሴ ምስክር ነበርኩ። ባለሙያዋ ግን ሦስት ሲጋራ ለልብም ለደም ሥርም ቀላል እንዳልሆነ ነግራኝ፣ አንዱን መርጬ ሌላውን እንድጥል አስማለችኝ ብል ይሻላል። ቬፕ የሚጠቅመው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ሲተካ ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ መኖር ሁለት ሱስ መቀለብ ነው።

ይህን ስጽፍ ዕቃው ጉዳት የለውም፣ ከሱሱም ወዲያው ያወጣል እያልኩ እንዳይመስልባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ 886 አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው በዓመቱ ሲጋራ ያቆሙት 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ የመሳሰሉት ከተሰጣቸው 9.9 በመቶ ናቸው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሆኖም በኤሌክትሮኒኩ ሲጋራ ካቆሙት መካከል 80 በመቶው በዓመቱም እሱን እየሳቡ ነበር። እኔም ዛሬ ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም ወርጄ እዚያው ነኝ፤ ገና አልወጣሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የልጄ ነገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ቆሜ ስሞላ አጠገቤ መጥታ ጠርሙሱን አነሣችና «አባዬ፣ ይሄ ምን ምን ይላል?» ብላ አሸተተችው። ሽታው እንደ ከረሜላ ነው። ከእጇ ስነጥቃት ደነገጠች። ኒኮቲን ቀምሳ የማታውቅ ልጅ ይህን ዕቃ የምትነካበት አንድም ምክንያት የለም፤ በዚህ ዕድሜ አእምሮ ገና እየበሰለ ነው፣ ሱሱም ቶሎ ይይዛል። እዚህ አገር ከ18 ዓመት በታች ላለ መሸጥ ክልክል ነው። አንዴ ተስበው የሚጣሉት ባለ ቀለም ቬፖችም ከሰኔ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጡ ታግደዋል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጠርሙሱን ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ይህ ግዴታ ነው፤ ፈሳሹን የጠጣ ሕፃን ይመረዛል።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንደኔው ፓኮ ይጨርሳል። ባለፈው ጥምቀት ልመጣ ስል «ወንድም ጋሼ፣ ያቺን ዕቃ አንድ ይዘህልኝ ና» አለኝ። ልቤ ሊልክለት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ መሸጥንም ይከለክላል። ልጄ ያን ጠርሙስ ስታሸት ካየሁ በኋላ በዚህ ሕግ ላይ ክፉ መናገር አልችልም። የራሴንም ለንደን ትቼ መጣሁ። አዲስ አበባ የቆየሁባቸውን ሦስት ሳምንታት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር አለፍኩ።

ለወንድሜም ይዤለት የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ ባለ 21 ሚሊ ግራሙን፣ የስድስት ሳምንት፣ ከኒኮቲን ማስቲካ ጋር። ደም ግፊት ስላለበት መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን። እኔን የጠቀመኝ ሐሳብ እሱ ላይም ያው ነው፤ ጭሱ ይቁም፣ ኒኮቲኑን መጀመሪያ በሚበቃው መጠን ያግኝ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይውረድ፤ ከ21 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 7። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል፤ አራራው ድንገት ሲነሣበት ማስቲካውን ይጨምርበታል። አስተኛኘኩም ቢሆን እንደ ሌላው ማስቲካ አይደለም። በርበሬ በርበሬ እስኪል ያኝኩትና በድድና በጉንጭ መካከል ያሳርፉታል፤ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና። ዝም ብሎ ያኘከው ሰው ኒኮቲኑን ወደ ሆዱ ይውጠውና ሕቅታና ቃር ነው የሚተርፈው። ወንድሜ አንድ ጊዜ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ሁለት ፍሬ አጭሶ ነበር። በማግሥቱ ፕላስተሩን ለጥፎ ቀጠለ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ፕላስተርንና ማስቲካን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ወንድሜ የቀጣዩን ደረጃ ፕላስተር ፍለጋ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ዘጠኝ ፋርማሲ ዞሮ ያገኘው አንድ ቦታ ባለ 2 ሚሊ ግራም ማስቲካ ብቻ ነው። ሲጋራውን ግን በየመንገዱ ያገኘዋል። መድኃኒት አስመጪዎችንና የጤና ኃላፊዎችን የምለምናቸው ይህን እንዲያዩልን ነው። ጋዜጣችሁም የትኛው ፋርማሲ እንዳለው፣ ዋጋውስ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ቢያትምልን ትልቅ ውለታ ነው።

የ14ቱን ሰሞኑን ከዚህ በሄደ ሰው እጅ ልኬለታለሁ። የ7ቱን የሚያደርስልኝ መንገደኛ እየፈለግሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ ይቆይልኝ
ከለንደን