ፊደሉና ሙያው አብረው ይጀመሩ፦ ከሲያትል ለወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ

ለተወደድሽው እኅቴና የጥንት ባልደረባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን ሆነ፤ ይህን ያህል ዝም ተባብለን የከረምነው ከመራራቅ እንጂ ከመረሳሳት እንዳልሆነ ስለምታውቂ ምክንያት በመደርደር አላደክምሽም። ሰሞኑን እኅትሽ ስትደውል፣ የሰፈራችሁ እድር አዳራሹ ለጎልማሶች የሙያ ማሠልጠኛ እንዲውል መፍቀዱንና፣ አንቺ ጡረታ የወጣሽ የሙያ አሠልጣኝ ስለሆንሽ ነገሩን እንድታደራጂ መመረጥሽን አጫወተችኝ። የእድሩ ኮሚቴ «መጀመሪያ ሰዎቹ ማንበብና መጻፍ ይልመዱ፤ ሙያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ማለቱን፣ አንቺም ልብሽ አልረጋ ብሎ «እሷ እዚያ የምትውለው በዚሁ ሥራ አይደል፤ እስቲ ጠይቂልኝ» ማለትሽን ጨምራ ነገረችኝ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ጥያቄሽ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በዚህ ነገር ከኮሚቴው ጋር አትስማሚ። ፊደሉንና ሙያውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል አስጀምሪያቸው። ይህን የምልሽ በስሜት ስላልሆነ ያየሁትንና የማውቀውን በዝርዝር ላስረዳሽ።

የምኖርበት የዋሽንግተን ግዛት 34 ኮሚዩኒቲና ቴክኒክ ኮሌጆች አሉት። እነዚህ ኮሌጆች ለብዙ ዓመታት የሠሩት ልክ ኮሚቴያችሁ እንዳሰበው ነበር፤ ስደተኛው መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ደረጃ በደረጃ ይማራል፣ ያን ሲጨርስ ወደ ሙያው ይገባል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ግን በእነዚህ ኮሌጆች የተመዘገቡ ጎልማሶችን አምስት ዓመት ተከታትሎ ሲያይ፣ ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍል ከተነሡት ውስጥ ጥቂትም ቢሆን የኮሌጅ ትምህርት ለመውሰድ የበቁት 13 በመቶዎቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ሰነፎች ነበሩ ብሎ የሚፈርድ ሰው ጎልማሳ አስተምሮ አያውቅም ማለት ነው። የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፣ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ በዚያ ላይ አገር ቤት ላሉት በየወሩ የሚልክ ሰው፣ «ይህ መጽሐፍ ነው፤ ያ ወንበር ነው» እያለ ሁለትና ሦስት ዓመት እንዲቆይ ሲጠየቅ የሚያሰላው ሒሳብ ቀላል ነው። የሚማረው ነገር ነገ ምን እንደሚያስገኝለት ካልታየው፣ አንድ ተጨማሪ ፈረቃ ሲገኝ ክፍሉን ትቶ ይሄዳል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሄዳለሁ።

የግዛቱ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዐሥር ኮሌጆች የሞከሩትና በኋላም በሁሉም ዘንድ የተስፋፋው «አይ-ቤስት» የሚባል መርሐ ግብር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ በአንድ የሙያ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን ይቆማሉ፤ አንዱ የሙያው፣ ሌላው የቋንቋና የሒሳብ መምህር ነው። ቢያንስ የትምህርቱን ግማሽ ጊዜ ሁለቱም አብረው ክፍል ውስጥ መገኘት ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራሉ የሠራተኛ ኃይል ሕግም ይህን መንገድ በአገር ደረጃ ተቀብሎ፣ መሠረታዊ ትምህርትን፣ ለሥራ መዘጋጀትንና አንድን የተለየ ሙያ አዋሕዶ ማስተማርን በስሙ ጠርቶ ደንግጎታል። ሁለት መምህር በአንድ ክፍል ማቆም ሁለት ባልትና አዋቂዎችን በአንድ ማጀት እንደ ማስገባት መሆኑን ግን አልደብቅሽም፤ ማን መቼ እንደሚናገር እስክንለምድ ድረስ እኔና ባልደረባዬ ብዙ ተኳርፈናል።

እኔ የምሠራው የነርስ ረዳቶች በሚሠለጥኑበት ክፍል በቋንቋ መምህርነት ሲሆን፣ የሙያው መምህርት ራሷ ነርስ ናት። ጠዋት እሷ የታካሚ ምግብና መጠጥ እንዴት እንደሚመዘገብ ታስተምራለች። የነርስ ረዳት ታካሚዋ ከቀረበላት ምሳ ምን ያህሉን እንደ በላች በመቶኛ፣ ምን ያህል እንደ ጠጣች ደግሞ በሚሊ ሊትር መጻፍ አለባት። ብርጭቆው ግን እዚህ አገር የሚለካው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል፤ ስለዚህ ስምንት አውንስ ጭማቂ ቀርቦላት ግማሹን የተወች ባልቴት 120 ሚሊ ሊትር ጠጣች ተብሎ ይጻፋል። ያን ዕለት እኔ የማስተምረው ሒሳብ ይህ ነው፤ የማስተምረው ሰዋስውም «በላች፣ ጠጣች፣ እንቢ አለች» የሚለው ያለፈ ጊዜ ነው። በሌላ ክፍል መቶኛ አልገባ ብሏት ትምህርቱን ያቋረጠች አንዲት የአገራችን ሴት፣ እዚህ የተጋመሰውን ሳሕን አይታ ከሁሉም ቀድማ ሠራችው። የሰዓቱ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ፈተና ነው። መዝገቡ የሚያዘው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ እኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለው እዚያ ላይ 02:00 ሆኖ ይሰፍራል፤ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን እንድትገላበጥ የታዘዘላት ታካሚ ባለችበት ክፍል የስድስት ሰዓት መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ከአገር ቤት የመጡትን እናቶች ከቋንቋውም ከሒሳቡም ይልቅ የሚያስቸግራቸው ዝምታቸው ነው። እኛ ዘንድ የሚያስታምም ሰው ብዙ አይናገርም፤ ሕመምተኛውን ሳያደክምና ሳያሳፍር፣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ ሥራውን መፈጸም ጨዋነት ነው። በተግባር ፈተናው ላይ ግን በር አንኳኩቶ መግባት፣ ስምን መናገር፣ መጋረጃ መሳብ፣ ሊሠሩ ያሰቡትን ነገር አስቀድሞ ፊት ለፊት እያዩ ቀስ ብሎ ማስረዳት በነጥብ የሚያዙ ናቸው። አባቷን ለዓመታት ያስታመመች ሴት ሁሉን አሳምራ ሠርታ፣ አንድ ቃል ስላልተነፈሰች ነጥብ ስታጣ አይቻለሁ። ይህን ነገር ቋንቋ ብቻ የሚያስተምር መምህር አያገኘውም፤ ነርሷም ለብቻዋ ብትሆን ሴትዮዋ ሥራውን አልቻለችም ብላ ታልፋት ነበር። ሁለታችንም እዚያው ስለቆምን እሷ ጉድለቱን፣ እኔ ምክንያቱን አየን።

እናቴን ታስታውሻታለሽ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል ከቆጠሩት አንዷ ነበረች። ያ ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እስከ መሰጠት የደረሰና በዩኔስኮም በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ እንደነበር ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ አብረዋት የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስማቸውን ከመጻፍ አያልፉም ነበር፤ እናቴ ግን የዕቁብ ጸሐፊ ሆና ስለ ነበር፣ ማን እንደ ከፈለና ማን እንደ ቀረበት በየሳምንቱ ስትመዘግብ ንባቡም ቁጥሩም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አብሯት ኖረ። በእሷና በጎረቤቶቻችን መካከል የነበረው ልዩነት ያ ደብተር ብቻ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ማዕከላት ሽመናውን፣ አናጢነቱንና ልብስ ስፌቱን ከፊደሉ ጋር ለማስተሳሰር የታሰቡ ነበሩ፤ በኋላም የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ስሙ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። እኔና አንቺ እንዳየነው ግን ብዙ ቦታ ላይ ተግባሩ ቀርቶ ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ይቀራል፤ ምክንያቱም አንድ ደመወዙ ትንሽ የሆነ አመቻች ፊደሉንም፣ ጤናውንም፣ እርሻውንም፣ ንግዱንም ብቻውን እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛውን ሰው ክፍሉ ውስጥ የሚያስቆም ገንዘብ አልተመደበም። እዚህ መንግሥት በአይ-ቤስት የሚማረውን አንድ ተማሪ እንደ 1.75 ተማሪ ቆጥሮ ለኮሌጁ የሚከፍለው ለዚሁ ነው። እድራችሁ ይህን መክፈል እንደማይችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ያልጠፋበት ሰፈር የለም።

እኅትሽ እንዳለችኝ ከተመዘገቡት የሚበዙት በግንባታ ሥራ ላይ ባሬላ ሲሸከሙ የሚውሉ ሴቶች ከሆኑ፣ መጽሐፋቸው የሥራ ቦታው ነው። አንድ ለሁለት ለሦስት የሚለውን የኮንክሪት ምጥጥን በየቀኑ እያቦኩት ይውላሉ፤ አንድ ሣጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር እንደሚገባ እጃቸው ያውቀዋል። የሒሳቡን መምህር ከዚያ አስነሺው፤ ሲሚንቶው በግማሽ ቢቀንስ አሸዋው ስንት ይሁን? ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አሥር ከሆነ ሁሉም በኩንታል ስንት ነው? ከዚያ ወደ ፌሮው ቁጥር፣ ወደ ውሃ ልኩና ወደ ቱንቢው ይሂዱ። ንባቡንም ከክፍያ ወረቀቱ ጀምሪው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን፣ የቀን ሒሳብና ጠቅላላ ድምር ምን እንደሚል ማንበብ የቻለች ሴት፣ የሁለት ቀን ደመወዟ ሲጎድል ከፎርማኑ ጋር በማስረጃ ትነጋገራለች። ይህን ያገኘች ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍሉ አትቀርም።

ለሙያተኛው የምስክር ወረቀት የሚያሰጠውን የብቃት ምዘና ነገር ለአንቺ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ይሁንና አንድ ነገር ልበል። ምዘናው ሙያውን የትም ተማረው የት ለማንም ክፍት መሆኑ ለእነዚህ ሴቶች ትልቅ በር ነው፤ ነገር ግን ከተግባሩ ሌላ የጽሑፍ ፈተናም ስላለው፣ እጃቸው ብቁ የሆኑ ሰዎች በወረቀቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ የፊደሉ መምህር የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ይያዝ፤ የሚያስተምራቸው ቃላትም እዚያ ውስጥ ያሉት ይሁኑ። በትብብር ሥልጠናው ደንብ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን የታሰበውን ደግሞ፣ የሚቀበላችሁን ሥራ ተቋራጭ ሥልጠናው ሳይጀመር አነጋግራችሁ ካልያዛችሁት በወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ አጭር ሥልጠና ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም። እዚህ የነርስ ረዳት ለመሆን የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ሥራውም ይገኛል፣ ደመወዙ ግን እዚያው ይቆማል። ቅድም ያነሣሁልሽ ጥናት እንዳሳየው ገቢያቸው በጉልህ የተሻሻለው ቢያንስ የአንድ ዓመት ያህል የኮሌጅ ትምህርትና አንድ የሙያ ምስክር ወረቀት የያዙት ናቸው። ተማሪዎቼ የነርስ ረዳትነቱን ሲጨርሱ ቀጣዩን ክፍል ተመዝግበው እንዲወጡ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ግን አይሰሙኝም፤ የሚሰሙኝም ቢሆን ልጅ የሚይዝላቸው ካላገኙ አይችሉም። የናንተም ሴቶች ደረጃ አንድን ይዘው ሲወጡ ደረጃ ሁለትን የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ክፍያ እንደሚማሩ ዛሬውኑ ከአካባቢው ኮሌጅ ጋር ተነጋገሪ። የልጆቹንም ነገር አደራ፤ አዳራሹ ጓዳ ካለው ሁለት ምንጣፍ አንጥፋችሁ አንዲት አሮጊት ጠባቂ አስቀምጡ፤ ያለዚያ ገና በመጀመሪያው ወር ግማሾቹ ይቀሩብሻል።

ሠልጣኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከእነሱም ምንም ፊደል የማያውቁት ስንቶቹ እንደሆኑ፣ የምታስጀምሪያቸውንም ሙያዎች ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔና ነርሷ አብረን የምንጠቀምበትን የሳምንት ዕቅድ ወደ አማርኛ መልሼ እልክልሻለሁ፤ በአንድ ገጽ ላይ በግራ የሙያው፣ በቀኝ የቋንቋው ሥራ የተጻፈበት ነው፤ ለግንበኝነቱ አንቺ ታስተካክዪዋለሽ። ኮሚቴው አሁንም ፊደሉ ይቅደም ካለ፣ አንዱን ክፍል እንደነሱ፣ ሌላውን እንደዚህኛው አድርጋችሁ ሞክሩትና ከሦስት ወር በኋላ በየክፍሉ ሳያቋርጡ የዘለቁትን ሰዎች ቁጠሩ። እሑድ ማታ፣ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ፤ ግንበኛውንና መምህሩን እስከዚያው አነጋግረሽ ጠብቂኝ።

ለእማማ፣ ለልጆቹና ለእድርተኛው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እኅትሽና ባልደረባሽ
ከሲያትል