ሥራ ለተቆለለበት ወዳጄ

ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ቀድሞ ዝም ያለው ማን እንደሆነ መቁጠሩን እንተወውና በቀጥታ ወደ መልእክትህ ልግባ። «ሥራው ተቆልሎብኛል፣ ልቤ ግን ለአንዱም አልነሳሳ አለኝ፤ ሰነፍኩ መሰለኝ» ብለሃል። እኔ ስንፍና አይመስለኝም። ሰነፍ ሰው ስላልሠራው ሥራ ሌሊቱን ሲገላበጥ አያድርም።

መጀመሪያ እንቅልፍህን እንየው፤ ሌላው ምክር ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት፣ በየሌሊቱ ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይተኙ የተደረጉ ጤነኛ ሰዎች ከ14 ቀን በኋላ ትኩረታቸው ሲለካ ሌሊቱን ጨርሶ ሳይተኛ ካደረ ሰው የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተዳከሙ ለራሳቸው አለመታወቁ ነው። ስለዚህ «እኔ እኮ ለምጄዋለሁ» የሚለውን መልስህን አልቀበልም። ለአዋቂ የሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። በግድ ቶሎ ለመተኛት አትታገል፤ የምትነሳበትን ሰዓት ግን በሥራም በዕረፍትም ቀን አንድ አድርገው። መኝታው ቀስ እያለ ይከተለዋል። ቡናውንም ከምሳ በኋላ ተወው። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ የካፌይን መጠን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣኸው ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ከአንተ ጋር ነው።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት አውጣና 20 ደቂቃ ያህል ጭንቅላትህ ውስጥ የሚዞረውን ሁሉ ጻፈው፤ የመሥሪያ ቤቱን፣ የቤቱን፣ ያልመለስከውን ስልክ ሳይቀር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ዝርዝሩ ራሱ ያስፈራዋል። የሚያሳርፈው መዘርዘሩ ብቻ አይደለም። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ሐሳብን መረበሹን የሚያቆመው መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ነው፤ ሥራው ገና ባይነካም እንኳ። ስለዚህ «ሪፖርት» ብለህ አትለፍ። «ማክሰኞ ጠዋት፣ የሁለተኛውን ሠንጠረዥ ቁጥሮች መሙላት» ብለህ ጻፍ። ቀኑና ድርጊቱ ከሌሉበት ምኞት ነው።

ከዚያ ሰርዝ። በእኔ አስተያየት የደብዳቤው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የደከመ ሰው ትኩረቱን ከማሠልጠኑ በፊት ሸክሙን ማሳነስ አለበትና። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህ በዚህ ወር ባይሠራ ማን ይጎዳል?» ብለህ ጠይቅ። ማንም የማይጎዳበትን ሰርዘው። ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ስጠው። የሚዘገየውን ቀን ቁረጥለትና ለሚጠብቀው ሰው ዛሬውኑ ንገረው፦ «ሐሙስ ያልኩህን ለሚቀጥለው ማክሰኞ ላድርሰው፤ ከቸኮልክ የመጀመሪያውን ክፍል ዐርብ እልክልሃለሁ።» ሰው የሚቀየመው ቀኑ ሲገፋ ሳይሆን በቀጠሮው ቀን ሲነገረው ነው። አለቃህ አዲስ ሥራ ሲያመጣ «አይሆንም» ማለት ቢከብድህ፣ በእጅህ ያሉትን ሥራዎች አሳየውና «ይህ ሲገባ የትኛው ይቆይ?» በለው። «እሞክራለሁ» የምትለውን ቃል ግን እባክህ ተዋት፤ በኋላ የምታስከፍልህ እሷ ናት።

ለተረፈው፣ በቀን ከሦስት ዋና ሥራ በላይ አትያዝ። አንዱን ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዘል ሐሳባችን በከፊል የቀድሞው ላይ ይቀራል፤ ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጠናችው ይህንኑ ነው። ማቋረጥ ግድ ከሆነ፣ ከመነሳትህ በፊት የት እንደደረስክና ቀጥሎ ምን እንደምትሠራ አንድ መስመር ጻፍ። ስትመለስ «የት ነበርኩ?» እያልክ አትዳክርም።

በ25 ደቂቃ ሥራና በ5 ደቂቃ ዕረፍት የመሥራቱን ዘዴ ታውቀዋለህ። ለዛለ ሰው 25 ደቂቃም ሊበዛ ይችላል፤ በ10 ጀምር። የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍቱ ነው፤ አምስቷ ደቂቃ በስልክ ካለቀች አእምሮ ሥራ ቀየረ እንጂ አላረፈም። ተነስተህ ተራመድ፣ በመስኮት ተመልከት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው። መጀመሪያውን ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር እሰረው፦ «ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ መልእክት ሳልከፍት፣ ፋይሉን ከፍቼ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው እንዲህ ያለውን «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ውሳኔ ነው፤ «ነገ እበረታለሁ» ከማለት በጣም ይሻላል። አንቀጿ መጥፎ ብትሆንም ግድ የለህም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ለይልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣ መዛልን በሦስት ምልክት ነው የገለጸው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መማረር፣ የሥራ ብቃት መቀነስ። ሁለት ቀን አርፈህ ከተመለስክ በኋላ የሚሻልህ ከሆነ ከላይ ያልኩህ ይበቃሃል። ካልተሻለህ ግን ሸክሙ ራሱ መለወጥ አለበት፤ የሰዓት አከፋፈል ዘዴ አያድንህም። የምትወደው ነገር እንኳ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታ ካልሰጠህ ወይም ተስፋ ከቆረጥክ፣ ነገሩ የሥራ ብቻ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂድ። ደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም እንዲህ ያደክማሉ፤ በደም ምርመራ ይታያሉ።

ረጅም መልስ እንድትጽፍልኝ አልፈልግም፤ ዝርዝርህ ላይ አንድ መስመር እንዳትጨምርብኝ። ከሰረዝካቸው ውስጥ አንዷን ብቻ ላክልኝ።

ወዳጅህ