ኦቭኑ የኔ፣ ቆጣሪው የአከራዬ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየሁት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። የልደት፣ የሰርግ፣ የምርቃት፣ ብቻ ትዕዛዝ ከመጣ አልመርጥም። እስከ 2015 ዓ.ም. በግብር ከፋይነት ደረጃ ሐ፣ ማለትም የአነስተኛ ነጋዴዎች ምድብ ውስጥ ስለነበርኩ ሐምሌ ላይ ቁርጥ ግብሬን ከፍዬ እገላገል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ሽያጬ ከ500 ሺህ ብር አለፈና ደረጃ ለ ገባሁ። ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። የሒሳብ መዝገብ ይዞ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው።

በ2016 ደረጃ ለ ሲኮን ገቢና ወጪ ተመዝግቦ ግብሩ ከትርፉ ላይ ነበር። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢውን ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል የወጣ አስፈላጊ ወጪ ይቀነሳል፣ የግል ወጪ ግን አይቀነስም ይላል። ጥሩ። ታዲያ ቤቱ ራሱ የሥራ ቦታ ሲሆን የግሉ የቱ ጋ ያበቃል? የእንጀራ ምጣዴና የኬክ ኦቭኔ አንድ ቆጣሪ ላይ ናቸው። ኦቭኑን ሳልገዛ ለመብራት በወር 300 ብር ገደማ እከፍል ነበር፣ አሁን ከ1,500 ወርዶ አያውቅም። ልዩነቱን ማን እንደሚበላው ግልጽ ነው። ይህንን ይዤ ግብር ቢሮ ስሄድ አንዱ ባለሙያ ቢሉን አገላብጦ «ይሄ እኮ በሌላ ሰው ስም ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቆጣሪው የአከራዬ ነው። ቀጠል አድርጎ «በስምሽ ቢሆንም መኖሪያ ቤት ነው» አለ። ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ፣ እሷ ደግሞ «ግማሹን ያዢ» አለችኝ። የትኛውን ልያዝ?

የሳንቲም ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2016 ከዓመት ትርፍ ውስጥ ከ130,800 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። የኔ የመብራት ልዩነት በዓመት 14,400 ብር ነው፣ እዚያ እርከን ላይ ሆኜ ውድቅ ከተደረገብኝ 5,040 ብር ግብር ተጨመረብኝ ማለት ነው። ለዚህ ብር ስንት ኬክ መሸጥ እንዳለብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኪራዩማ አይነሳ። አከራዬን ደረሰኝ ይስጡኝ ብላቸው የኪራይ ገቢ ግብሩ ታያቸውና «ልጄ፣ ቤቱ ካልተስማማሽ...» ብለው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው መብራቱንና ኪራዩን የሚያካፍለው በክፍል ስፋት ነው? በቆጣሪው ልዩነት ነው? ተቆርጦ ይነገረንና ሁሉም ጠረጴዛ ያንኑ ይበል። ስሙንም በተመለከተ በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል እንዲመዘገብ የሚያዝ አዋጅ ወጥቷል፣ እንግዲያው የተመዘገበው ውል በአከራይ ስም ለሚመጣው ቢልም ማስረጃ ይሁነን።

ዱቄቱና ስኳሩ ደረሰኝ አላቸው፣ ጉዱ እንቁላሉ ነው። ጳጉሜ ሳያልቅ ሒሳቤን ማሳወቅ ስላለብኝ ባለፈው ቅዳሜ ጉሊት ወርጄ ደንበኛዬ የሆኑትን እናት «ደረሰኝ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። መርቁልኝ ያልኩ መስሏቸው ሁለት እንቁላል ጨመሩልኝ።

ኬክ ጋጋሪዋ፣ ከአራት ኪሎ
ነሐሴ 2016