ድራይቨሮቹ ወደ ከርነሉ እንዲገቡ፦ ለአሳሂ ሊኑክስ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ሊኑክስ ተጠቃሚ ወገኖቼ፣

ይህን የምጽፍበት ማክቡክ ኤር እህቴ ከውጭ ስትመጣ «ለእኔ አርጅቷል፣ አንተ ተጠቀምበት» ብላ የሰጠችኝ ነው። ኤም1 ቺፕ ያለው ነው። አሳሂ ሊኑክስ (ሊኑክስን በአፕል ቺፕ በሚሠሩ ማኮች ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮጀክት) ጫንኩበት፤ ኪቦርዱም፣ ዋይፋዩም፣ ስፒከሩም ይሠራል። እንዲሠራ ያደረጉትን ሰዎች አንዳቸውንም በአካል አላውቅም። ዛሬ እጄን የምዘረጋው ግን ለእነሱ ነው።

አፕል የመጀመሪያዎቹን የኤም1 ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ሲያወጣ ለሊኑክስ ጸሐፊዎች የሚሆን የሃርድዌር ሰነድ አልሰጠም። የፕሮጀክቱ መሥራች ሄክተር ማርቲን ከሕዝብ በሚገኝ መዋጮ ሥራውን ጀመሩ። ኤምዋንኤንዋን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከማክኦኤስ ሥር ያስቀምጡና ማክኦኤስ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን አንድ በአንድ ይመዘግባሉ፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ሊኑክስ ሃርድዌሩን እንዲያዝ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ የሚጻፈው ከዚያ ነው። በ2021 የመጀመሪያው የኤም1 ድጋፍ በከርነል (የሊኑክስ እምብርት በሆነው ፕሮግራም) 5.13ኛ ስሪት ገባ።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ኮድ ግን የተቀመጠው በፕሮጀክቱ በራሱ ከርነል ውስጥ ነው። በ2025 መጀመሪያ ማርቲን ሲለቁ የቀሩት ገንቢዎች ኃላፊነቱን በጋራ ተረከቡ፤ የተረከቡት ደግሞ ከሺህ የሚበልጥ ፓች (የኮድ ለውጥ) ነው። ቀዳሚ ሥራችን ያሉትም ይህን ሁሉ ወደ ዋናው ከርነል ማስገባትን ነው። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ምክንያቱን ላስረዳ።

የሊኑክስ ከርነል የውስጥ አሠራሩን በየጊዜው ይቀያይራል። አንድ ሰው የአንድን ፈንክሽን አጠራር ሲቀይር፣ ከርነሉ ውስጥ ያለውን፣ በዚያ ፈንክሽን የሚጠቀም ድራይቨር ሁሉ አብሮ ማስተካከል የእሱ ፋንታ ነው። ውጭ ያለውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያይለትም። አዲስ ከርነል የሚወጣው በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ የአሳሂ ሰዎች በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ያንን ሁሉ ፓች ተሸክመው ወደ አዲሱ መሸጋገር፣ የተጋጨውን መፍታት፣ የተሰበረውን መጠገን አለባቸው። ከርነሉ ውስጥ መግባት ደቦ እንደ መግባት ነው። ውጭ የቀረ ብቻውን ያርሳል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አይገባም? ስፒከሩን ልውሰድ። የማክቡክ ስፒከር ትንሽ ነው፤ ያለ ልክ ከተገፋ ውስጡ ያለው ሽቦ ሊቃጠል ይችላል። አፕል ይህን የሚከላከለው በሶፍትዌር ነው። አሳሂዎችም ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ፍሰትና ቮልቴጅ እያነበበ የሽቦውን ሙቀት የሚገምት፣ ሲግል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የራሳቸውን ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ድንገት ከቆመ ደግሞ ከርነሉ ራሱ ድምፁን አደጋ ወደሌለው ደረጃ ይመልሰዋል። ሙዚቃ ከፍ አድርጌ ስሰማ አንዳንዴ ይህን አስባለሁ፤ አንድ ሰው ስፒከሬ እንዳይቃጠል ተጨንቆ ቁጭ ብሎ ሠርቶልኛል። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ዋናው ከርነል ሲላክ መስመር በመስመር ይታያል፣ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ታርሞ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ይላካል። የግራፊክስ ድራይቨሩ ይብሳል፤ የተጻፈው ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ረስትን በሌላው ቋንቋ፣ በሲ፣ ከተጻፈው የግራፊክስ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ኮድ መግባት ነበረበት። አዲስ ነገር ሲሠራ ሰው ያጨበጭባል፤ ለዚህ የእርምት ሥራ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ገንዘባችን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፍሬው መታየት ጀምሯል። ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳትን የመሳሰሉ ሥራዎች የሚያልፉበት ኤስኤምሲ የሚባለው ክፍል ድራይቨር በከርነል 6.17 ገብቷል።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አገር ቤት ላፕቶፕ ባትሪው እስኪያብጥ ነው የምንጠቀምበት፤ ብዙዎቻችን የምናገኘውም ዘመድ ውጭ አገር ከተጠቀመበት በኋላ ነው። አፕል ማክኦኤስ 26 በኢንቴል ማኮች ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ስሪት እንደሆነ አስታውቋል። የኤም1 ተራም ይደርሳል። ያኔ ድራይቨሮቹ ዋናው ከርነል ውስጥ ከተገኙ፣ ሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ዴቢያንም ሆነ ኡቡንቱ፣ ልዩ ከርነል ሳይፈልጉ በእነዚህ ማሽኖች ላይ መሥራት ይችላሉ፤ ከውጭ የመጣው ማክቡክም ለታናሽ ወንድም ይተርፋል።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ፣ በአውሮፓ ያላችሁ፣ የባንክ ካርዳችሁ በኢንተርኔት የሚከፍል፣ በየወሩ የምትችሉትን መድቡ። አንዴ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚገባ ጥቂት ይሻላል፤ ገንቢው ቀጣዩን ወር አስቦ መሥራት ይችላል። እህቴ በወር 5 ዶላር ጀምራለች። አገር ቤት ያለን ግን በውጭ ምንዛሬ መክፈል ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ኤም1 ወይም ኤም2 ማሽን ካለን አዲስ ከርነል ሲወጣ እንሞክረው፤ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ፣ በየትኛው ስሪት ላይ እንደሆነ ለይተን እንጻፍላቸው። ይህም ትልቅ መዋጮ ነው።

ለእኔ ወይም «እሰበስባለሁ» ለሚል ለማንም ሰው ገንዘብ አትላኩ። ፕሮጀክቱ መዋጮ የሚቀበለው ገቢና ወጪው ለሁሉም በሚታይበት በኦፕን ኮሌክቲቭ ነው። መጀመሪያ ወደ አሳሂ ሊኑክስ የራሱ ድረ ገጽ ግቡና የመዋጮውን ማስፈንጠሪያ ከዚያ ተከተሉ።