ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ዓመታት፦ ስለ ሲሪንጎማይሊያ ሕሙማን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በባሕር ዳር ከተማ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ፣ ሲሪንጎማይሊያ በሚባለው የሕብለ ሰረሰር ሕመም የተያዙ ሰዎች ወደፊት ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያስረዳቸው አጥተው ሲጎዱ ስለማይ ነው። አንዳንዶቹ «ሕመሙ መፍትሔ የለውም» ተብለው ተስፋ ቆርጠው ይመጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ነገሩን ፈጽሞ እንደጨረሰው አምነው ክትትላቸውን ያቋርጡና፣ ከዓመታት በኋላ የእጃቸው ጡንቻ ከስቶ፣ ጣታቸው ተኮራምቶ ይመለሳሉ።

ሕመሙ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት ሲፈጠርና እየሰፋ ሲሄድ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ኪያሪ የሚባለው የአፈጣጠር ችግር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የንዑስ አንጎል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ አንገት ወርዶ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚከበው ፈሳሽ የሚያልፍበትን መንገድ ያጠባል። ማጅራት ገትር፣ የሕብለ ሰረሰር ዕጢና የአከርካሪ ጉዳትም ያመጡታል። ከጉዳት በኋላ የሚመጣው በተለይ ያሳስበኛል፤ በመኪና አደጋ ወይም ከግንባታ ላይ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳ ሰው፣ አደጋው ከተረሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ አዲስ መደንዘዝ ሊጀምረው ይችላል፤ ሁለቱን የሚያያይዝለት ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም።

ክፍተቱ ከሕብለ ሰረሰሩ መሐል ስለሚነሣ፣ ቀድመው የሚጎዱት እዚያ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩት፣ ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት ነርቮች ናቸው። ስለዚህ ታማሚው ነጠላ በሚያርፍበት ትከሻውና ክንዱ ላይ እሳትም ስለትም አይሰማውም፤ ሲነኩት ግን ያውቃል። እንጀራ ስትጋግር ክንዷ ከምጣዱ ጋር ተነካክቶ የተቃጠለች ሴት፣ ቁስሉን የምታየው እጇን ስትታጠብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመም የሌለው ቁስል ሲታይ በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ሥጋ ደዌን ነው። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነውና የማንም መገለያ ሊሆን አይገባም፤ ሆኖም በሥጋ ደዌ ብዙውን ጊዜ ስሜት ያጣ የቆዳ ምልክት ሲኖር በሲሪንጎማይሊያ ግን ይህ ስለሌለ፣ ቆዳው ንጹሕ ሆኖ እጁ ለሚቃጠል ሰው የአንገት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ሊታሰብለት ይገባል። ጊዜው ባለፈ መጠን የሚተርፈው ነገር ያንሳልና።

የወደፊቱን ዕጣ የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው፦ መንሥኤው ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ጉዳት እንደደረሰ፣ ከዚያም በኋላ የሚደረገው ክትትል። የቀዶ ሕክምናው ዋና ዓላማ የሕመሙን ግስጋሴ መግታት ነው። በኪያሪ ምክንያት ለመጣው፣ ሐኪሞች ከራስ ቅሉ ኋላ ጥቂት አጥንት አንሥተው ለፈሳሹ መንገድ ይከፍታሉ፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ዘንድ ክፍተቱ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ይጠባል፣ ሲያስሉ የሚብሰው የማጅራት ራስ ምታትም ብዙ ጊዜ ይሻላል። የከሳ ጡንቻና የጠፋ የሙቀት ስሜት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። የትከሻና የክንድ ማቃጠል ደግሞ ክፍተቱ ጠቦ እየታየም ሊቀጥል ይችላል። ይህን ሕመም የሚናገር ታማሚ «ፎቶው ደህና ነው» ተብሎ ሊሸኝ አይገባም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም አሉ። ከአደጋ በኋላ የመጣው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ፈሳሹን ለማስወጣት የሚገባው ቱቦ ሊደፈንና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በሌላ በኩል፣ በአጋጣሚ የተገኘና ምልክት የሌለው ትንሽ ክፍተት ለዓመታት ሳያድግ ሊቆይ ስለሚችል ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም። ዕድሜን በሚመለከት ለሚጠይቁኝ ቤተሰቦች የምመልሰው፣ ብዙዎቹ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ረጅም ዘመን እንደሚኖሩ ነው። ይህንን ስናገር ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ይመስላል፤ እጅን የሚያተርፈው ግን እርሱ ነው። ድስትና ጀበና በወፍራም ጨርቅ ይነሣ፤ እጅና ክንድ በየማታው በብርሃን ይታይ። ለፈውስ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚሄድ ታማሚ፣ ስሜቱ ደህና የሆነ ሰው ውሃውን ሳይፈትንለት አይግባ። ከባድ ሸክምና ማማጥ የውስጥ ግፊትን ስለሚጨምሩ፣ ጀሪካን መሸከም ለሌላው የቤተሰብ አባል ይተው፤ የሆድ ድርቀትም ይታከም። ያረገዘች ታማሚ ስለ አወላለዷ ቀደም ብላ ከሐኪሞቿ ጋር ትመካከር።

ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ ሄደው ያደረጉ ሕሙማን ለክትትል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደገና መጓዝ ይከብዳቸዋል፤ ከጎርጎራ ለሚመጣው ደግሞ ባሕር ዳር ራሷ ሩቅ ናት። ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ከፈለገ ሕይወትና ከጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ጋር ሆኖ፣ እነዚህ ሕሙማን ክትትላቸውን እዚሁ የሚያደርጉበትን መንገድ እንዲያመቻች እጠይቃለሁ። ሲሰናበቱም የሕመሙ መንሥኤ፣ የሚቀጥለው ኤምአርአይ ጊዜና ሳይዘገዩ እንዲመለሱ የሚያስገድዱ ምልክቶች በአማርኛ ተጽፈው ይሰጧቸው፤ እነዚህም አዲስ ወይም የሚስፋፋ መደንዘዝ፣ የእጅ መድከም፣ የእግር መገተር፣ ሽንት የመቆጣጠር ችግር፣ የድምፅ መጎርነንና ለመዋጥ መቸገር ናቸው። ሕሙማኑም የመጀመሪያውን የኤምአርአይ ፊልም ወይም ሲዲ በእጃቸው ያቆዩ፤ ክፍተቱ ማደጉን ወይም መጥበቡን የሚያውቀው ሐኪም አዲሱን ከድሮው ጋር አስተያይቶ ነውና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር