እማዬ፣ ከጨው ዕቃው ጀምሪ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? አባባስ? የቤቱን ምግብ ቀስ በቀስ ወደ ኦርጋኒክ ለማዞር መነሣትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። «ቀስ በቀስ» ያልሽውን ደግሞ አጥብቀሽ ያዢው፤ ሁሉን በአንድ ሳምንት የሚገለብጥ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። እኔ የማክልልሽ ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ጨውና ስኳር ይቀነሱ፣ ቀጥሎ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዙ፣ የኦርጋኒክ መለያ ያለው ዕቃ በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ። ኦርጋኒክ ምርት ከሌላው የሚለየው በአመራረቱ፣ ማለትም በአብዛኛው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ በመመረቱ፣ ስለሆነ ኦርጋኒክ ስኳርም ያው ስኳር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚህ ልክ ውስጥ በዳቦ፣ በአይብ፣ በታሸገ ሾርባና በማጣፈጫ ኩብ የሚገባውም ይቆጠራል። ስለዚህ ለአራት ሰው ጠዋት 2 ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ ለክተሽ በትንሽ ዕቃ አስቀምጪ፤ ድስቱ ጋ የቆመ ሁሉ ከዚያ ብቻ ይጨልፍ። አሁን የምትጠቀሙት ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ማንኪያ እየቀነስሽ ድረሺበት። በአንዴ ከቆረጥሽው ምግቡ አይጥማቸውምና የጨው ዕቃው ገበታ ላይ ይወጣል፤ ያኔ መለካቱ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሮዝ ወይም የባሕር ጨው ነው። ብዙውን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም፤ አዮዲን ሲጎድል ደግሞ እንቅርት ይከተላል። አዮዲን ያለውን ተራውን ጨው ያዢ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ ወደ ድስቱ መጨረሻ አካባቢ ጨምሪው። ሁለተኛው፣ ሶዲየሙ የተቀነሰ የሚባለው ጨው ነው። የሶዲየሙ ቦታ በፖታሲየም ስለሚተካ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን ለሚወስድ አደገኛ ነው፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል። ሐኪም ሳይጠየቅ ቤት አይግባ።

አትክልትና ፍራፍሬ በቀን 400 ግራም ይመከራል፤ እያንዳንዱ 80 ግራም የሆነ አምስት ድርሻ ማለት ነው። ዛሬ ሁለት ድርሻ የሚበላ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ይብላ፣ ከዚያ አራት። ነጩን ዱቄትም ባልተፈተገ ስትለውጪ መጀመሪያ ሩቡን ብቻ ቀላቅይ። አሰር (ፋይበር) በድንገት ሲበዛ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ሆድ ይነፋል፤ ውኃ አብሮ ካልጨመረ ድርቀቱ ይብሳል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ግን አንድ ነገር አስቀድሚ። ቅጠላ ቅጠል በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ በድንገት ሲበዛ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ቅጠል አይከለከልም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ይሁን፣ ለውጡም ለሐኪሙ ቀድሞ ይነገር።

ቀይ ቦሎቄ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ አብስዪው። በዝግታ በሚያበስል ኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን አትጀምሪው። ሙቀቱ የመፍላት ደረጃ ስለማይደርስ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ፕሮቲን አይጠፋም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል።

እንቁላል፣ ዓሣና ወተት ከቤት አይውጡ። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ አዛውንት በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ቫይታሚን ቢ12ም ከአትክልት አይገኝም። ወተት በቀጥታ ከላም የመጣ ከሆነ ይፍላ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና ሊስቴሪያን ያስተላልፋል።

ግዢው ላይ ሲደረስ፣ ገንዘቡን ከነልጣጩ ወይም ከነቅጠሉ በሚበላው ላይ አውዪ፦ እንጆሪ፣ ፖም፣ ሰላጣ። ሙዝ፣ አቮካዶና ሽንኩርት ልጣጫቸው ስለሚጣል ተራው ይበቃል። ማሸጊያው ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ማረጋገጫ አይደለም፤ የአረጋጋጩን ተቋም ስም ወይም ኮድ ፈልጊ። ኦርጋኒክ የሆነውም መታጠብ አለበት። ሳሙና አይነካው፤ በሚወርድ ውኃ እያሸሽ እጠቢው። ፖምን በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ብትዘፈዝፊውና ብታለቀልቂው ላዩ ላይ ያለው ፀረ ተባይ በብዛት ይለቃል። ወደ ውስጥ የሰረገው ግን በማጠብ አይወጣም።

አሁን ወደ ጓሮው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምን እንደተረጨበት የምታውቂው ምግብ ራስሽ ያበቀልሽው ብቻ ነውና። የኮምፖስቱን (የብስባሽ ማዳበሪያውን) ክምር በየአቅጣጫው 1 ሜትር አድርጊው፤ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። በስፍር 3 እጅ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ቅጠል፣ ገለባ ወይም የተቀደደ ካርቶን፣ ለ1 እጅ የወጥ ቤት ልጣጭና እርጥብ ሣር። ከመካከሉ አንድ እፍኝ ዘግነሽ ጭመቂው፦ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሪ፣ ከተበተነ ውኃ አርከፍክፊ። አሞኒያ ከሸተተሽ ልጣጩና ሣሩ በዝቷል፤ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተሽ አየር አጥቷልና ገልብጪው። ሥጋ፣ ቅባትና የውሻ ወይም የድመት ዐይነ ምድር አይግባበት።

ጥሬ ፍግ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ እንደ ካሮትና ሰላጣ አፈር የሚነካ ሰብል ፍጉ ከገባ 120 ቀን ሳይሞላው እንዳይሰበሰብ ይከለክላል፤ አፈር ለማይነካው 90 ቀን ነው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ ጊዜ ያስፈልጋልና ቤትሽም ላይ ይሠራል። ከሌላ ሰው የምታመጪው ፍግ ከሆነ እንስሳቱ የበሉት ሣር ፀረ አረም የተረጨበት እንደሆነ ጠይቂ። እንደ አሚኖፒራሊድ ያለው በከብት ሆድም በኮምፖስትም አልፎ ሳይፈርስ ይቆያል፤ የቲማቲሙን ቅጠል ስለሚጠቀልለው ያየ ሰው በሽታ ይመስለዋል። በሁለት ማሰሮ ሞክሪው፦ አንዱ ላይ አፈር ብቻ፣ ሌላው ላይ አፈርና ፍግ አድርገሽ በእያንዳንዱ 4 የባቄላ ፍሬ ዝሪ። በሁለት ሦስት ሳምንት ፍግ ባለበት ማሰሮ ብቻ አዲሶቹ ቅጠሎች ከተጨማደዱና ከተጠቀለሉ ያን ፍግ አትንኪው።

አሮጌ ቀለም ከሚላጥበት ግድግዳ ሥርም አትዝሪ፤ ቀለሙ እርሳስ የተባለውን ብረት አፈሩ ላይ ያራግፋል። ሌላ ቦታ ከሌለ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሣጥን ንጹሕ አፈር አስገብተሽ ትከይ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት የአንቺንም የአባባንም መድኃኒቶች ስምና መጠን ከማሸጊያው ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ጨዉንና ቅጠሉን በምን ያህል ፍጥነት እንደምትለውጪ ከዚያ እንወስናለን።

ልጅሽ